ወር በወር የተከራዩትን ቤት ሲለቁ ኪራይ የሚከፈለው እስከ መቼ ነው?

ጠያቂው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ሲገቡ የአንድ ዓመት የጽሑፍ ውል ነበራቸው። ዓመቱ ሲያልቅ ውሉን ያደሰው የለም፣ እሳቸውም ወር በወር እየከፈሉ ቀጠሉ። ኪራዩ በወር 6,000 ብር ሲሆን የሚከፈለው ወር በገባ በ5ኛው ቀን ነው። በመግቢያቸው ቀን ከመጀመሪያው ወር ኪራይ ሌላ 6,000 ብር «መያዣ» ብለው ሰጥተዋል። አሁን ሥራቸው ወደ ድሬዳዋ ስለተዛወረ ጥቅምት 12 ቀን ለአከራያቸው በቃል ነገሩ። ጥቅምት 14 ደግሞ በቴሌግራም ጽፈውላቸው አከራይዋ «እሺ፣ አይቻለሁ» ብለው መልሰዋል። ኅዳር 10 ለመውጣት አስበዋል። አከራይዋ ግን የኅዳርንና የታኅሣሥን ኪራይ ሙሉ ለሙሉ ክፈል፣ መያዣው ለቀለም ይቀራል ብለዋል። ጠያቂው ማወቅ የሚፈልጉት ያለባቸው ዕዳ በትክክል ስንት እንደሆነ ነው።

መልሴ ይህ ነው፦ አሮጌው ውልዎ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ የሚል ከሆነ ያለብዎት የአሥር ቀን ኪራይ፣ 2,000 ብር ነው። መያዣው ራሱን የቻለ ሌላ ሒሳብ ነው። ውሉ የሚለው ሌላ ከሆነ ቁጥሩም ይለወጣል፤ ስንት እንደሚሆን ከታች በየተራ አሰላዋለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የኪራይ ዕዳ የሚያበቃው ዕቃ የተጫነ ቀን አይደለም፤ አከራይ የሚወዱት ወር ሲሞላም አይደለም። የሚያበቃው በማስረጃ የሚረጋገጥ ማስጠንቀቂያ ጊዜው ሲያልቅና ቤቱ ከነቁልፉ ሲመለስ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ቆጠራው ይቀጥላል። ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቁልፍ ይዞ የጠፋም፣ ቁልፍ ጥሎ ሳያሳውቅ የሄደም እኩል ባለዕዳ ነው።

ዓመቱ ያለቀ ውል ምን ይሆናል የሚለው ብዙ ሰው ያሳስተዋል። ተከራይ «ውል የለኝምና በፈለግሁት ቀን እወጣለሁ» ይላል፤ አከራይም «ውል የለህምና እኔ ያልኩት ነው» ይላሉ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይ ከአንቀጽ 2896 ጀምሮ፣ ስለ ቤት ኪራይ ደግሞ በተለይ ከአንቀጽ 2945 ጀምሮ ይደነግጋል። በዚህ ሕግ ጊዜው ያለቀበት ተከራይ አከራዩ እያወቁና ሳይቃወሙ በቤቱ ከቀጠለ ኪራዩ ጊዜው ያልተወሰነ ውል ሆኖ ይቀጥላል። እናንተ ወር በወር የምትሉት ይኸው ነው። የኪራዩ መጠን፣ የመክፈያው ቀን፣ ቤቱን የመጠበቅ ግዴታና የማስጠንቀቂያው ነገር በአሮጌው ወረቀት እንደተጻፈ ይቆያል፤ የሚቀረው «ለአንድ ዓመት» የሚለው ገደብ ብቻ ነው። ስለዚህ ያንን ወረቀት ፈልገው ያውጡት። በአንቀጽ 1731 መሠረት በአግባቡ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ነው፤ ሙግቱ ቢመጣ ዳኛው መጀመሪያ የሚያነቡት እሱን ነው።

ቀጥሎ የሚጣራው ውሉ መመዝገቡ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በአዲስ አበባና በድሬዳዋ፣ እንዲሁም ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች የሚሠራ ነው። በአዋጁ ሥር የሚወድቅ ውል በጽሑፍ ሆኖ ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ ይመዘገባል። ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። ተከራይ ከሁለት ዓመቱ በፊት መውጣት ከፈለገ የሁለት ወር ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ቀበሌዎ ሄደው በቤቱ ቁጥር የተመዘገበ የኪራይ ውል መኖሩን ይጠይቁ። አከራይዋ ሳይነግሩዎት ሊያስመዘግቡ አይችሉም፤ ፊርማዎ ያስፈልጋል። ካልፈረሙ የተመዘገበ ውል የለም ብለው ማሰብ ይችላሉ፤ ቢሆንም መጠየቁ አይጎዳም። አከራይዋ የሁለት ወር ሐሳብ የወሰዱት ከዚህ አዋጅ ሊሆን ይችላል። ድሬዳዋ ሲደርሱም ቤት የሚከራዩት በዚሁ አዋጅ ስለሆነ ይህን አንቀጽ አሁኑኑ ይያዙት።

ወደ ስሌቱ እንግባ። ጥቅምት 5 የከፈሉት ኪራይ እስከ ኅዳር 4 ይሸፍናል። ወሩ 30 ቀን ስለሆነ 6,000 ለ30 ሲካፈል የአንድ ቀን ኪራይ 200 ብር ይደርሳል።

ውልዎ «የአንድ ወር ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ» የሚል ከሆነ፦ ማስረጃ ያለው ማስጠንቀቂያ የጥቅምት 14ቱ መልእክት ነው። የጥቅምት 12ቱ ቃል በምስክር ካልተደገፈ አይቆጠርም። መልእክቱ የደረሰበት ቀን አይቆጠርምና ከጥቅምት 15 ቢጀምሩ 30 ቀኑ ኅዳር 14 ይሞላል። ያልተከፈለው ከኅዳር 5 እስከ ኅዳር 14 ያለው ነው፤ አሥር ቀን በ200 ብር፣ 2,000 ብር። ኅዳር 10 ቢወጡም የአራቱ ቀን ኪራይ አይቀርልዎትም። ቤቱ እስከ ኅዳር 14 በእጅዎ ነው፤ ቀድመው የወጡት በራስዎ ፈቃድ ነው።

ውሉ ስለ ማስጠንቀቂያ ምንም ካላለ፦ ቀጣዩ የክፍያ ወር እስኪያልቅ ያለውን ቢከፍሉ የሚሻል ነው እላለሁ። ይህም ከኅዳር 5 እስከ ታኅሣሥ 4፣ ማለትም 6,000 ብር ነው። ኪራዩ በወር ስለሚቆጠር መውጫውም በክፍያው ወር መጨረሻ ላይ ቢውል አከራይ የሚከራከሩበት ቀዳዳ አያገኙም። አከራይዋ በ30 ቀን ከተስማሙ ግን ያው 2,000 ነው፤ ስምምነቱን ጽፈው ያስፈርሙ።

የተመዘገበ ውል ካለና የሁለት ወሩ ማስጠንቀቂያ የሚመለከትዎ ከሆነ፦ ከጥቅምት 14 ሁለት ወር ሲቆጠር ታኅሣሥ 14 ላይ ያልቃል። ከኅዳር 5 ጀምሮ 40 ቀን፣ 8,000 ብር።

እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ የአከራይዋ 12,000 ብር ከሦስቱም መንገድ በአንዱም አይወጣም። የኅዳርና የታኅሣሥ ሙሉ ክፍያ ማለት እስከ ጥር 4 ድረስ መክፈል ነው፤ ይህም በጣም ረጅም ከሆነው ማስጠንቀቂያ እንኳ በ20 ቀን ይበልጣል። ይህን ሲነግሯቸው በክርክር መልክ አይሁን፤ ቀኖቹን ወረቀት ላይ ጽፈው ያሳዩዋቸው። አብዛኛው የኪራይ ጠብ የሚነሳው ከክፋት ሳይሆን አንዱ የሚቆጥረው የወሩን ስም፣ ሌላው የሚቆጥረው የመክፈያውን ቀን በመሆኑ ነው።

ማስጠንቀቂያው በጳጉሜን ላይ ለሚያልፍባቸው ሌሎች አንባቢዎች ደግሞ፦ በልማድ ኪራይ በዓመት 12 ጊዜ ስለሚከፈል ለጳጉሜን ለብቻው አይጠየቅም። ነሐሴ 20 የተሰጠ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ግን መስከረም 15 ወይስ መስከረም 20 ያልቃል በሚል ያጨቃጭቃል። መፍትሔው በማስጠንቀቂያው ላይ የሚወጡበትን ቀን በቁጥር መጻፍ ብቻ ነው።

አሁን ማድረግ ያለብዎት ዋናው ሥራ የቴሌግራሙን መልእክት በወረቀት ማጽናት ነው። ውሉ «በጽሑፍ» የሚል ከሆነ አከራይዋ ነገ ተነስተው የስልክ መልእክት ጽሑፍ አይደለም ሊሉ ይችላሉ። ነገር ግን ዛሬ አዲስ ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥ ሰው አድርገው ከጻፉ ቆጠራውን ራስዎ ከዛሬ ያስጀምሩታል። ይህ ስህተት ብዙ ቀን ኪራይ ያስከፍላል። አጻጻፉ እንዲህ ይሁን፦

«ለወ/ሮ … ። በታቦር ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ … ፣ የቤት ቁጥር … ውስጥ የተከራየሁትን ሰርቪስ ቤት እንደምለቅ ጥቅምት 14 ቀን በቴሌግራም አሳውቄዎት እርስዎም በዚያው ዕለት መቀበልዎን ገልጸውልኛል። ይህንኑ በጽሑፍ እያረጋገጥኩ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ኅዳር 14 ቀን እንደሚያበቃ፣ ቤቱንና ቁልፎቹን ኅዳር 10 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንደማስረክብዎ፣ ከኅዳር 5 እስከ ኅዳር 14 ያለውን የአሥር ቀን ኪራይ 2,000 ብር እንደምከፍል አሳውቃለሁ።»

ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። አንዱ ላይ አከራይዋ «ደርሶኛል» ብለው ቀን ጽፈው ይፈርሙ፤ እሱ ከእርስዎ ጋር ይቀራል። አልፈርምም ካሉ አይጨቃጨቁ። ሁለት ምስክር ባለበት አንብበው ይስጧቸውና ምስክሮቹ በእርስዎ ቅጂ ላይ ይፈርሙ። ምስክሮቹ ከአከራይዋም ከእርስዎም ጋር ዝምድና ባይኖራቸው ይመረጣል፤ የጊቢው ሌላ ተከራይ የሚኖረው በአከራይዋ ቤት ስለሆነ ነገ ምስክርነቱ ሊከብደው ይችላል። ያም ካልሆነ ፖስታ ቤት ሄደው በሪኮማንዴ ይላኩትና ደረሰኙን ያስቀምጡ። የቴሌግራሙን ልውውጥ ቀኑና የአከራይዋ ስልክ ቁጥር እንዲታይ አድርገው ስክሪንሾት ያንሱ፤ ስልክ ይጠፋልና ለሌላ ሰውም ይላኩት።

የኪራዩን 2,000 ብር በእጅ አይስጡ። በባንክ ወይም በቴሌብር ይላኩና ምክንያት በሚለው ቦታ «የኅዳር 5 እስከ 14 ኪራይ» ብለው ይጻፉ። ምክንያቱ ባዶ የሆነ ክፍያ በኋላ «የባለፈው ወር ቀሪ ነው» ወይም «የመብራት ነው» ለማለት ይመቻል።

መያዣውን በተመለከተ። ተከራዮች ሲወጡ የሚሠሩት የተለመደ ነገር «የመጨረሻውን ወር ከመያዣው ይቁረጡ» ብሎ ኪራይ ማቆም ነው። ይህን አከራይዋ ካልተስማሙ አያድርጉት። ኪራዩ ኅዳር 5 የሚከፈል ዕዳ ነው። መያዣው ግን ቤቱ ተመልሶ ሁኔታው እስኪታይ ድረስ የሚጠየቅ ገንዘብ አይደለም። በሕጉ ዕዳን በዕዳ ማቻቻል የሚቻለው ሁለቱም መጠናቸው የታወቀና መክፈያቸው የደረሰ ሲሆን ነው። አስቀድመው ካቆሙ ውዝፍ ያለብዎት ተከራይ ይሆናሉ፤ አከራይም በአንቀጽ 2952 መሠረት የመክፈያ ቀነ ገደብ ሰጥተው ውሉን ለማፍረስ መነሻ ያገኛሉ። አከራይዋ «ከመያዣው ይነሳ» ካሉ ደግሞ መልካም ነው፤ በአንድ መስመር ይጻፍና ይፈረም።

ሲገቡ የሰጡት ገንዘብ በወረቀቱ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈም ይመልከቱ። «ቅድሚያ ክፍያ» ከሆነ ያልኖሩበት ወር ኪራይ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ከኪራዩ ይታሰባል፤ እንዲያውም የኅዳሩን 2,000 ተክቶ 4,000 ይመለስልዎታል። «መያዣ» ወይም ብዙ ሰው እንደሚለው «ዲፖዚት» ከሆነ ለጉዳትና ላልተከፈለ ሒሳብ ዋስትና ነው። «ቀብድ» የተባለ እንደሆነ ደግሞ ውሉ መደረጉን የሚያሳይ ገንዘብ ስለሆነ በተለመደው አሠራር ከመጀመሪያው ክፍያ ላይ መታሰብ ነበረበት፤ ያኔ አለመታሰቡን የድሮ ደረሰኝዎን አይተው ያረጋግጡ።

ለቀለም ይቀራል የሚለው አይሄድም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ተከራይ የሚጠግነውንና አከራይ የሚጠግነውን ለይቷል። የበር፣ የመስኮት፣ የወለል፣ የቧንቧ መክፈቻና የመጸዳጃ ጥገና በመርህ የተከራይ ነው። ከዕድሜ ወይም ከአግባብ አጠቃቀም ብቻ የመጣ መበላሸት ግን የአከራይ ነው። በኖረ ሰው ቤት ውስጥ የደበዘዘ ቀለም የዕድሜ ጉዳይ ነው። ከመሠረት በወጣ እርጥበት የተላጠ ግድግዳም እንዲሁ ተከራይን አይመለከትም፤ መላጡ ከታች ከወለሉ አጠገብ ጀምሮ ወደ ላይ ከሄደ እርጥበት መሆኑን ማንም ያውቀዋል። በተቃራኒው እርስዎ የመቱት የምስማር ቀዳዳ፣ የተሰበረ መስታወት፣ የጠፋ ቁልፍ፣ ከቤቱ መስመር አቅም በላይ የሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሰክተው ያቃጠሉት ሶኬት የእርስዎ ነው። እነዚህን ከመውጣትዎ በፊት ራስዎ ያሠሩ። ራስዎ አሠርተው ደረሰኝ ሲይዙ ዋጋው ይታወቃል፤ ከወጡ በኋላ ግን ከመያዣው የሚቆረጠው አከራይ የገመቱት ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። ሲገቡ የቤቱን ሁኔታ የሚገልጽ ወረቀት ካልተፈራረማችሁ ቤቱን በደህና ሁኔታ እንደተረከቡ ይገመታል፤ አልነበረም የሚል የማስረዳቱ ሸክም በእርስዎ ላይ ነው። ስለዚህ ስልክዎ ውስጥ የገቡበት ሰሞን ፎቶ ይፈልጉ። ቤት ሲያዩ የተነሳ፣ ለቤተሰብ የተላከ፣ የልደት ፎቶ እንኳ ቢሆን ከጀርባው ግድግዳው ከታየ ይጠቅማል።

መብራትና ውኃ ቀላል ይመስላሉ፣ ነገር ግን መያዣ ሳይመለስ የሚቆየው በእነሱ ሰበብ ነው። የራስዎ ካርድ ቆጣሪ ከሆነ የሚቀር ዕዳ የለም፤ ቀሪውን ብር ፎቶ ያንሱ፣ ካርዱን ከቁልፉ ጋር ያስረክቡ። በቢል የሚከፈል ከሆነ የሚወጡበትን ቀን የቆጣሪ ንባብ አከራይዋ ባሉበት ፎቶ ያንሱ፤ የመጨረሻው ቢል የሚመጣው እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ በጊቢው እስከ ዛሬ በተለመደው አከፋፈል፣ ያለፉትን ሦስት ወራት ድርሻዎን አማካኝ ወስደው ለቀኖቹ ያስሉ። ለምሳሌ ድርሻዎ በወር 450 ብር ከሆነ በቀን 15 ብር ይመጣል። ይህን ከመያዣው ተቆርጦ ሒሳቡ እንዲዘጋ ይስማሙ። «ቢሉ ሲመጣ እንተሳሰባለን» ብሎ ወደ ድሬዳዋ መሄድ መያዣውን ትቶ እንደ መሄድ ነው።

ርክክቡን ዕቃው ከክፍሉ ወጥቶ መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት ያድርጉት። መኪና ቆሞ፣ ወዛደር እየጠበቀ የሚደረግ ሒሳብ ሁልጊዜ የሚወጣውን ሰው ይጎዳል። ባዶ ክፍሉን አብረው ዞረው ይዩ፣ መብራትና ቧንቧ ይሞክሩ፣ ከዚያ አንድ ገጽ ይጻፉ፦ ቀኑ፣ የቆጣሪ ንባቡ፣ የተመለሱት ቁልፎች ብዛት ከውጭ በሩ ጭምር፣ የተከፈለው ኪራይ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ከመያዣው የተቆረጠውና የተመለሰው። ለምሳሌ ኪራዩን አስቀድመው ከፍለው፣ ለመብራትና ውኃ 250 ብር፣ ለአንድ መስታወት 350 ብር ቢቆረጥ 5,400 ብር ይመለስልዎታል። ሁለታችሁም ከሁለት ምስክር ጋር ፈርማችሁ አንድ አንድ ትይዛላችሁ። «ከዚህ በኋላ አንዳችን በአንዳችን ላይ የምንጠይቀው የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር እንዳይቀር፣ ገንዘቡ እጅዎ ሳይገባ ግን አይፈርሙበት። አልጋ ወይም ቁም ሣጥን «በኋላ እወስዳለሁ» ብለው አያስቀምጡ፤ ዕቃ ያለበት ክፍል እንዳልተለቀቀ ይቆጠራል።

ቤቱን ለሌላ ሰው በራስዎ አስረክበው መውጣትም አይቻልም። ተተኪ ተከራይ ማምጣት ግን በጣም ይረዳል። የሚያምኑት ሰው ካለ ለአከራይዋ ያስተዋውቁ፤ እሳቸው ከተቀበሉትና ከኅዳር 11 ጀምሮ ካስገቡት የአራቱን ቀን 800 ብር የሚከፍሉበት ምክንያት አይኖርም። ለአንድ ክፍል በአንድ ቀን ሁለት ኪራይ አይሰበሰብም፤ በአንቀጽ 1802 መሠረትም ውል ፈረሰብኝ የሚል ወገን ጉዳቱን ለመቀነስ የሚችለውን ማድረግ አለበት። በማስጠንቀቂያው ጊዜ አከራይዋ ቤቱን ለሚያይ ሰው ማሳየት ቢፈልጉ ሰዓት ተነጋግረው ይፍቀዱ፤ ቶሎ ሰው ሲገኝ የሚጠቀሙት እርስዎም ነዎት።

ይህ ሁሉ ሆኖ አከራይዋ ቁልፉን አልቀበልም ቢሉ፣ ኪራዩን በባንክ ከፍለው፣ ቁልፉን በሁለት ምስክር ፊት ለማስረከብ ይሞክሩ፣ እምቢታውን አስጽፈው ያስፈርሙ፣ ባዶውን ክፍልና ቆጣሪውን ቀን በሚያሳይ ቪዲዮ ይቅረጹ። ከዚያ ጉዳዩን በመጀመሪያ አከራይዋ በሚያከብሯቸው የሠፈር ሽማግሌዎች በኩል ይሞክሩት፤ ለ6,000 ብር መያዣ ከድሬዳዋ እየተመላለሱ መሟገት ከገንዘቡ በላይ ያስወጣል። ካልሆነ ማመልከቻው የሚቀርበው ቤቱ ባለበት በሐዋሳ ነው፤ ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት። አብረው የሚያቀርቡት አሮጌውን ውል፣ የጥቅምት 14ቱን መልእክትና ማረጋገጫ ደብዳቤውን፣ የመጨረሻውን ክፍያ ደረሰኝና የምስክሮቹን ስም ነው። ሐዋሳ ውስጥ የሚወክልዎ ሰው ካለ ከመሄድዎ በፊት ውክልና ይስጡት፤ ከሄዱ በኋላ ከሩቅ ማዘጋጀቱ ተጨማሪ ጊዜና ገንዘብ ይወስዳል።